ድድ ሲደማ መቦረሽ ይቁም ወይ?

ጠያቂያችን፣ በቦረሹ ቁጥር ድድዎ ስለሚደማ ቡሩሹን ትተው በወይራ መፋቂያ ብቻ ለመቀጠል እንዳሰቡ ጽፈዋል። ለዓመታት ድዴ ሲደማ የኖርሁ ሰው ነኝና ከሐኪም የሰማሁትንና በራሴ ያየሁትን ላካፍልዎ።

ድድ ብዙውን ጊዜ የሚደማው ቡሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን፣ በጥርሱና በድዱ መጋጠሚያ ላይ የሚጋገረው ባክቴሪያ የሞላበት ስስ ቆሻሻ ስለሚያስቆጣው ነው። መቦረሹ ከቆመ ቆሻሻው ይከማቻል፤ መድማቱም ይብሳል። እኔ የታዘዝሁት ለስላሳ ቡሩሽ ወደ ድዱ ሰያፍ አድርጌ፣ ሳልጫን፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ እንድቦርሽ፣ የሚደማውንም ቦታ ሳልዘል ረጋ ብዬ እንዳጸዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስተፋ ደም ማየቴ አልቀረም፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ቆመ። ከሁለቱ የማታው እጅግ ይበልጣል፤ ተኝተን ሳለ ምራቅ ስለሚቀንስ አፍ ራሱን የሚያጥብበት ነገር የለውምና።

መፋቂያውን አልንቅም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ የፊት ጥርስን ያጸዳል። ነገር ግን የመንጋጋን የውስጥ ገጽ በቀላሉ አያገኝም፣ የደረቀውም ድድ ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ቀን ቀን ይጠቀሙበት፣ ማታ ግን ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አይቅርብዎ። አረፋውን ከተፉ በኋላ በብዙ ውኃ ባይጉመጠመጡ ፍሎራይዱ ጥርስዎ ላይ ይቆያል። ሥጋ ሲሰነቀር ስቴኪኒ ከመወጋት የጥርስ ክር ይሻላል።

ስኳርን በተመለከተ፣ ለጥርስ ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፤ ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ስኳር ጨምሮ ሰዓት ሙሉ መጠጣት ጥርስን ባክቴሪያው ከስኳሩ በሚሠራው አሲድ እንደ መዘፍዘፍ ነው። (ቡና ይቅር አላልሁም፤ እኔም አልተውሁም።)

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ካሉዎት የተቆጣ ድድ መቅላቱ በንቅሳቱ ጥቁረት ስለሚሸፈን መድማቱን ይጠይቋቸው።

በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም መግል ካለ፣ በተለይም ስኳር በሽታ ካለብዎት፣ ሐኪም ይዩ። ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ በምላስዎ ሲዳስሱት የሚሻክር ነገር ካለ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን የሚያነሣው ሐኪም እንጂ ቡሩሽ አይደለም። ከተነሣ በኋላ ጥርስ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ሊሰማውና በመካከሉም ክፍተት ሊታይ ይችላል፤ ብዙዎች «ማጽዳቱ ጥርሴን አላላው» የሚሉት ድንጋዩ ይዞት የነበረውን ቦታ አይተው ነው።