መልስ፦ «ሼለን ኡርስሊ» የሚባለው የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ላይ ያለው ልጅ፣ የኡርስሊ፣ መንደር ትሩን ነው ወይ ላልከው

አይደለም፣ ጓርዳ ነው። የመጽሐፉ ሠዓሊ አሎይስ ካሪጄት በ1902 የተወለደው ትሩን ስለሆነ ብዙ ሰው እንዳንተ ይምታታበታል። ሁለቱም ስዊዘርላንድ ግራውቡንደን ካንቶን ውስጥ ናቸው፤ ግን መሀላቸው ተራራ አለ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም አያለሁ ብለህ አትልፋ።

ግራ ያጋባህ ሌላ ነገርም አለ። «ሼለን ኡርስሊ»ን (1945) ካሪጄት አልጻፈውም። ጽሑፉ የሰሊና ኸንትስ ነው፤ እሷ ጓርዳ ነዋሪ ነበረች። እሱ ሥዕሉን ነው የሠራው። ራሱ ጽፎ ራሱ የሳላቸው መጻሕፍት በ1960ዎቹ ነው የመጡት። በ1966 የአንደርሰን ሽልማት (ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት) ለሠዓሊ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ነበር።

ጓርዳ በባቡር ስትሄድ ጣቢያው ታች ነው፤ መንደሩ ላይ በአውቶቡስ ትወጣለህ። ግድግዳው ላይ ተፍቆ የወጣውን ጌጥና ወደ ውስጥ የገቡትን ትንንሽ መስኮቶች ስታይ መጽሐፉ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል። የብርዱን ወራት በደወል የሚያባርሩበትን በዓል ከፈለግክ ማርች 1 ሂድ። ትሩን ያለው ሙዚየም ደግሞ የካሪጄትን ሥዕሎች ያሳያል።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ የካሪጄትን ሥዕል ልገዛ ካልክ ፍሬሙን አስወልቀህ እይ። እኔ «ኦሪጅናል ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ላይ የታተመ ሥዕል) ነው» ተብዬ ደህና ብር ከፍዬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሳወጣው በግራ ጠርዙ የስፌት ቀዳዳ ተደርድሯል። ከመጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ነበር! በእርሳስ የተጻፈ ፊርማና የቅጂ ቁጥር ከሌለው እንደ መጽሐፍ ገጽ ዋጋ ተደራደር።