«ድምፁን ቀየረ» ወይስ «አጨዋወቱን»?

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ዘፋኝ «አንዴ የተሳካለትን እየደጋገመ ነው፤ ድምፁን ቢቀይር ይሻለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ድምፁን ሳይሆን ስልቱን በል» አለኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ እኔ ከጓደኛዎ ጋር ነኝ። «ድምፁን ቀየረ» ሲባል የሚታሰበኝ ጉሮሮው ነው።

አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቦብ ዲላንን እንውሰድ። በ1965 እ.ኤ.አ. በኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ከባንድ ጋር ሲወጣ ከታዳሚው ከፊሉ ጮኸበት። ድምፁ ግን ያው ነበር፤ የተለወጠው አጨዋወቱ ነው። በ1969 ባወጣው «ናሽቪል ስካይላይን» ደግሞ የምር ድምፁን ቀየረ። ያ ሻካራ ድምፅ ለስልሶ መጣ። ሁለቱንም «ድምፁን ቀየረ» ካልን ልዩነቱን በምን እንንገር?

«ድምፅ የሚሰማ ነገር ሁሉ ነው፤ ምን ያከራክራል?» የሚሉ አሉ። ሥሩን ካየን እውነት አላቸው። ግዕዙ «ደምፀ» ተሰማ፣ አስተጋባ ማለት ነው። ለነጎድጓድም ለመለከትም ይሆናል። ያም ሆኖ ለዚህ አገባብ አልወደውም፤ አማርኛ ለአኳኋን የራሱ ቅርጽ አለውና።

ቅርጹን ልብ ብለው ይዩት። ከዘፈነ አዘፋፈን፣ ከተጫወተ አጨዋወት። የመካከሉ ፊደል ይደገማል፤ ከተደገሙት ሁለቱም የፊተኛው ራብዕ ይሆናል (ፋፈ፣ ዋወ)። እርስዎ ለወቀሳ የተጠቀሙበት «ደጋገመ» የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህ መገጣጠም ደስ ይለኛል። አንድ ሙዚቀኛ የራሱ አጨዋወት አለው የምንለው እኮ ደጋግሞ ስላሰማን ነው። መድረክ ላይ «ይደገም!» እያልን የምንለምንበት ግስ፣ ሲደጋገም ወቀሳ ይሆናል።

«ስልት»ም ያስኬዳል። «ቅኝት»ን ግን ለዚህ አያውሉት፤ ዘፋኙ ከትዝታ ወደ ባቲ ካልተሻገረ ቅኝቱ አልተቀየረም።

ወጣቶቹ «ሳውንዱን ቀየረ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። «ድምፁን» የሚለውም በዚያው ገብቶ ሥር ሰዷል፤ አንባቢም ሳይቸገር ይረዳዋል። ስለዚህ ስሕተት ነው ብዬ ልሰርዝብዎ አልችልም፤ ባልወደውም። መሣሪያ ብቻ ስለሚጫወት ሰው ሲጽፉ ብዙም አያምታታ ይሆናል። ስለ ዘፋኝ ሲሆን ግን እባክዎ «አዘፋፈኑን» ወይም «አጨዋወቱን» ይበሉ።