ባሕር የሌለው አገር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ስለ ወደብ አልባ አገሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ይኸው።

«እነዋሪ ለምንኖር ገበሬዎች ወደብ ምን ያደርግልናል?»
ምርጥ ጥያቄ! ወንድሜ፣ የምትበትነው ማዳበሪያ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ከውጭ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ወይ በባቡር አገር ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ነው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ጋ የሚደርሰው። መርከብ ቢዘገይ፣ ወደቡ ቢጨናነቅ ወይ መኪና ቢጠፋ የእናንተ አገር የጅሩ ስንዴ መዝሪያ ጊዜው አይጠብቅህም። የወደቡ ሂሳብ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ነው። ሌላውም ዕቃ ቢሆን ወደብ ላይ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ከቆየ ቅጣት አለ። ነጋዴው ያንን ከኪሱ የሚከፍል እንዳይመስልህ፣ ዞሮ ዞሮ አንተው ላይ ነው የሚጨምረው።

«ስንት አገሮች ናቸው?»
44። 16ቱ አፍሪካ ውስጥ ናቸው። በሕዝብ ብዛት አንደኞቹ እኛ ነን፣ ዋንጫ ባይኖረውም።

«ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፣ ግን ሀብታም ናት። ሰበብ አናብዛ እንጂ!» (ከደብረ ብርሃን)
ግማሹ ልክ ነህ። ግን ስዊዘርላንድ ከባዝል በራይን ወንዝ እስከ ኔዘርላንድ ወደብ ሮተርዳም ዕቃ ታጓጉዛለች፣ ጎረቤቶቿም ሰላምና ደህና መንገድ ያላቸው ናቸው። የምትሸጠው ሰዓትና መድኃኒት ነው፤ ትንሹ ብዙ ያወጣል። የእኛ ሰሊጥና ጥራጥሬ ሚዛን እንጂ ዋጋ አያነሳም። ደቡብ ሱዳንን ደግሞ እይ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሱዳን ጋር በነዳጅ ማስተላለፊያ ክፍያ ተጣልታ ነዳጅ ማውጣቷን ከዓመት በላይ አቋርጣ ነበር። እኔን ከጠየቅከኝ ከርቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው የጎረቤት ነገር ነው።

«ዓለም አቀፍ ሕግስ?»
እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ባሕር ለሌላቸው አገሮች የመተላለፍ መብት ይሰጣል። ዝርዝሩን ግን ከምታልፍበት አገር ጋር ተስማማ ነው የሚለው። ወደቡ ያንተ ነው አይልም። ቦሊቪያ በጦርነት ለቺሊ ያጣችውን የባሕር ዳርቻ ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት «ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም» ብሎ መለሳት።

«አባቴ ሹፌር ነበሩ፣ በጣርማ በር አሰብ እንመላለስ ነበር ይላሉ። ለምን ቀረ?» (ከደብረ ሲና)
እውነታቸውን ነው። መንገዱ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርዳል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላም እንጠቀምበት ነበር፤ ያስቆመው በ1990 የተነሳው ጦርነት ነው። ከዚያ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

«ባቡሩ በኛ በሰሜን ሸዋ በኩል ያልፋል?»
የጅቡቲው? አያልፍም። በአዳማና በድሬዳዋ ነው መንገዱ።

ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር ስለፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፣ ነገ ማታ ለብቻው እመጣበታለሁ።