ዲሽህ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም፦ ብሩን ሳትከፍል ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። «ሳቢያን ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ገብቻለሁ፤ ጣሪያው ላይ የጋራ ዲሽ አለ፤ ዲሽ ሠሪው 20 ሺህ ብር ከሰጠኸኝ በዚሁ ዲሽና በዚሁ ገመድ ኢንተርኔት አስገባልሃለሁ አለኝ፤ እውነት ነው ወይ?» ነው ያልከው። ብሩን ሰጥተኸው ከሆነ አዝናለሁ። ካልሰጠኸው ኪስህን ይዘህ ተቀመጥ። እኔ በ2015 ዓ.ም. 18 ሺህ ብር፣ አንድ ሪሲቨርና የአንድ ጎረቤት ሰላምታ ከፍዬበታለሁ።

አንተ እያልኩ ስጽፍልህ ቅር እንዳይልህ። ከሌላ አገር የመጣህ ከሆነ፣ ድሬ አንቱ የለም፤ ትለምደዋለህ።

1. ጣሪያህ ላይ ያለው ዲሽ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። ከሳተላይቱ የሚወርደውን ይሰበስባል፣ ፊቱ ላይ የተሰቀለው ኤልኤንቢ ድግግሞሹን ዝቅ አድርጎ በገመዱ ወደ ሪሲቨርህ ያወርዳል፣ አለቀ። ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ኢንተርኔት ደግሞ ጠይቀህ ነው የምትቀበለው፤ አንዲት ገጽ ለመክፈት ስልክህ መጀመሪያ «ስጠኝ» ማለት አለበት። በፕላዝማ የተማርክ ከሆንክ ቶሎ ይገባሃል። የፕላዝማዋ መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ጠብቃ «ቬሪ ጉድ!» ትለን ነበር። ማንም አልመለሰም፣ ግማሹ ክፍል ተኝቷል። ትምህርቱ በሳተላይት ነበር የሚመጣው፤ እሷ ትናገራለች፣ እኛን አትሰማም። የቤትህ ዲሽም ያው ፕላዝማ ነው።

የሚናገር ዲሽ የለም እያልኩ አይደለም። ቪሳት የሚባለው አለ፣ የስልክ መስመር በማይደርስበት ቦታ ትልልቅ ድርጅቶች የሚያስተክሉት። እሱ ላይ ወደ ሳተላይቱ የሚልክ ማሠራጫ ተገጥሞለታል። ዋጋው ያንተና የእኔ አይደለም፣ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድም ይፈልጋል። ደግሞስ ቢኖርህ? እነዚህ የቲቪ ሳተላይቶች የተቀመጡት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጥያቄህ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስህ ግማሽ ሰከንድ ገደማ በመንገድ ብቻ ያልቃል። ፊልም ለማውረድ ግድ የለም። ከሰው ጋር በቪዲዮ ስታወራ ግን ሁለታችሁም እኩል ትናገራላችሁ፣ እኩል ዝም ትላላችሁ።

2. «ውጭ አገር እኮ ሰዉ በቲቪ ገመድ ነው ኢንተርኔት የሚያስገባው» ይልሃል። ለእኔም ብሎኛል፤ ያመንኩትም ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ አሳይቶኛል፤ ከግድግዳው የወጣ ክብ የዲሽ ገመድ የመሰለ ነገር ሞደሙ ውስጥ ይገባል። ወላሂ የእኛው ገመድ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ያለው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። የእሱ ገመድ ሄዶ ሄዶ የኬብል ኩባንያው ማዕከል ይደርሳል፤ የእኛ ገመድ ጣሪያ ላይ ያልቃል። እዚያ ማዕከል ውስጥ የሰፈሩን ሞደሞች በሙሉ የሚያናግር ማሽን አለ። የአንድ ቲቪ ቻናል ቦታ፣ አሜሪካ 6 ሜጋኸርዝ አውሮፓ 8 ሜጋኸርዝ፣ ለኢንተርኔት ይለቁና ያወርዱበታል። አንዱ ካልበቃ ሌላ ይጨምራሉ። ወደ ላይ ለመላክ ደግሞ ከቻናሎቹ ሁሉ በታች ያለችውን ጠባብ ቦታ ይጠቀማሉ፤ ማውረዱ ፈጥኖ መላኩ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ደንቡ ዶክሲስ ይባላል፣ የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ገመዱንም ሰፈርተኛው ስለሚጋራው ማታ ማታ ይንቀራፈፋል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ሲያማርር ብሰማው «እሰይ፣ እናንተም ጋ አለ!» አልኩት።

እኛ ጋ እንደዚያ ከማዕከል ተነሥቶ ቤት ለቤት የተዘረጋ የቲቪ ገመድ የለም። ስለዚህ «በዚሁ ገመድ» የሚለው ሰው ገመዱ ከየት እንደሚጀምር ጠይቀው። ጣሪያውን ካሳየህ ደህና ዋል በለው።

3. ሪሲቨሩ ላይ ያለችው የዋይፋይ አንቴና እንዳታታልልህ። እኔን የበላችኝ እሷ ናት። ሱቁ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ነው፣ ስም አልጠራም። ልጁ ሪሲቨሩን ከቲቪ ጋር አገናኝቶ ዩቲዩብ ከፈተልኝ። በአንድ እጁ የዲሹን ገመድ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ዩቲዩቡ ይጫወታል። 11 ሺህ ለሪሲቨሩ፣ 7 ሺህ ለ«ኢንተርኔት ኤልኤንቢ»ና ለእጁ። ቤት ሲሰካ «ኔትወርክ የለም» አለ። በማግስቱ በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤትህ ኢንተርኔት አለህ ወይ?» አቦ! ኢንተርኔት ሊያስገባልኝ የሸጠልኝ ዕቃ ኢንተርኔት ካለ ነው የሚሠራው! የሱቁ ዩቲዩብ ለካ የመጣው ኪሱ ውስጥ ካለው ስልክ ነው። ያቺ አንቴና መቀበያ ናት፣ መስጫ አይደለችም። ሪሲቨር ኢንተርኔት ይበላል እንጂ አይወልድም።

አቤቱታ የሚቀበል አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ እሱንም ስም አልጠራም። ሦስት ቀን። መጀመሪያ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ነው»፣ ሁለተኛው ቀን «ሲስተም የለም»። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቷ «ደረሰኝ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። የሰጠኝ ወረቀት በሲጋራ ካርቶን ጀርባ «ዲሽ ሥራ 18,000» የሚል ነው፤ ሳሳያት ለጎኗ ሠራተኛ አሳይታ ተሳሳቁ። ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነበር። እነሱማ ኢንተርኔት አላቸው።

ስንተኛ ቁጥር ላይ ነበርኩ? 4። ዋናው ጥፋቴ ይሄ ነው፣ አንተም ልትሠራው ነው፣ ጥያቄህ ውስጥ «በዚሁ ገመድ» ስትል ታየኝ።

ዓይኔ ዲሽ ዲሽ ሲል እንጂ ሌላ መንገድ ነበረኝ። ሳፋሪኮም እንኳ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከድሬ ነው፣ ከእኛ ከተማ! (ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እናገራለሁ።) በሲም የሚሠራ የቤት ራውተር ገዛሁ። እኔ 3ኛ ፎቅ ነኝ፣ መስኮት ጋ ሳስቀምጠው 40 ሜጋ ይደርሳል። እናቴ ምድር ቤት ናት፣ እዚያ ግን በዚያ ኮንክሪት ዋይፋዩ አይወርድም። ያኔ የአክስቴ ልጅ ጥንድ አዳፕተር በሰው ላከልኝ፤ በዲሽ ዓይነት ገመድ ውስጥ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ ነው፣ አንዱን ከራውተሩ፣ ሌላውን ገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትሰካለህ። ስሙ «ሞካ» ነው። እኔ ደግሞ የሐረር ቡና ነው የመሰለኝ፣ ፓኬቱን አሽትቼዋለሁ።

ዕቃው እውነተኛ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የብሎካችን ገመድ ከጣሪያ ወርዶ በረንዳዬ ላይ በስፕሊተር ሦስት ይሆናል፦ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ 2ኛ ፎቅ ለሐጂ፣ አንዱ ለእናቴ። እኔ አንዱን ሞካ እዚያው ስፕሊተር ላይ ሰካሁት። ኅዳር 13 ቀን 2015፣ ከሰዓት፣ የዓለም ዋንጫ፣ አርጀንቲና ከሳዑዲ። ሐጂ ጫቱን ይዞ፣ ሽርጡን አገልድሞ ተቀምጧል። አርጀንቲና 1 ለ 0 እየመራች ዕረፍት ወጡ። እኔ ሞካውን የሰካሁት በዕረፍቱ ነው፣ ማንም አያይም ብዬ።

ምስሉ መጀመሪያ እንደ ምንጣፍ ጥልፍ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነ። ከዚያ ጠፋ። ቀጥሎ የሐጂ ሪሲቨር «ኤልኤንቢ ሾርት» ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ ምንም አልጻፈም። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው ግን ከእኔ ቤት ነው።

የሆነውን የገባኝ በኋላ ነው። ኤልኤንቢው ወደ ሪሲቨር የሚያወርደው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ድረስ ነው። የእኔ ሞካ የሚያወራው ከ1125 እስከ 1675፣ ማለትም እዚያው መሐል ገብቶ። ሁለት ሰው ባንድ ጆሮ ሲጮህ ማለት ነው። ይሄ ምስል ያጠፋል፣ ዕቃ ግን አያቃጥልም። ያቃጠለው ኤሌክትሪኩ ነው፦ ሪሲቨር ኤልኤንቢውን የሚያበራው በዚያው ገመድ 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ነው። በቮልቱም ነው ኤልኤንቢው የትኛውን ወገን፣ ቁመታዊውን ወይስ አግድመታዊውን ሞገድ፣ እንደሚያነብ የሚያውቀው። (ባንድ ገመድ በስፕሊተር የምትጋሩ ከሆነ አንዱ ቤት ቻናል ሲቀይር ሌላው ቤት «ሲግናል የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ልጅ ነው የሚነካካው ብላችሁ አትጣሉ።) ያ ቮልት እኔ የሰካሁት ሞካ ውስጥ ገባ። እሱም ሞተ፣ የሐጂንም ሪሲቨር ይዞ ሄደ።

«አንተ! ቴሌቪዥኔን ምን አደረግከው?» ብሎ ሲወጣ እኔ ስፕሊተሩን እየነቀልኩ ነው። ሳዑዲ በ48ኛውና በ53ኛው ደቂቃ አገባች። ሐጂ ሁለቱንም አላያቸውም፤ የሰማቸው ከታች ካለው ጫት ቤት ጩኸት ነው። ሪሲቨሩን በነጋታው አዲስ ገዛሁለት፣ 2,800 ብር። ጎሉን ግን ከየት ልግዛለት? ሁለት ወር ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳ ግድግዳ ያያል።

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ዲሹን ወደ ኢትዮሳት፣ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሲያዞሩት ሠራተኞቹ አዲስ ገመድ ስበው አሮጌውን የናይልሳት ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር የተዉት። እሱን ከላይ ከኤልኤንቢው ነቀልኩት፣ ከእኔ ቤት ቀጥታ ወደ እናቴ ቤት አደረግኩት። ስፕሊተር የለም፣ ሪሲቨር የለም፣ ዲሽ የለም፣ ገመድ ብቻ። ጫፎቹን ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አሠርኩ፤ አሮጌዎቹ ዝገው ነበር፣ የገመዱም ልባስ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነበርና የተጎዳውን ያህል ቆርጬ ጣልኩ። ለሞተው ሞካ ምትክ ከዳላስ መጣ። አሁን ከላይ እኔ ጋ 40 ሜጋ ካለ ታችም 40 ነው፤ እናቴ ዳላስ እየደወለች የአክስቴን ልጅ ስለ ቀርፋፋ ኢንተርኔቱ ታጽናናዋለች። የሞተ፣ ማለትም ማንም የማይጠቀምበት ገመድ ከሌለህና በደረጃው በኩል ቀዳዳ ካለ ተራ የኔትወርክ ገመድ ሳብ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ሞካም አያስፈልግህም። ራውተሩን በረንዳ ላይ እንዳትተወው ብቻ፤ የድሬን ፀሐይ አይችልም፣ እየጠፋ ይነሣል።

ለጎረቤት በገንዘብ ላከፋፍል ብለህ ከሆነ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ፈቃድ ያስጠይቃል፣ እኔ የለሁበትም።

ጣሪያ ላይ ውጣና ስንት ገመድ እንደሚወርድ ቆጥረህ ፎቶውን እዚህ ለጥፍ። የትኛው እንደሞተ መለየት ካቃተህ እሑድ ከሰዓት እዚያው ሳቢያን ነኝ፣ መጥቼ አይልሃለሁ። የኳስ ቀን ከሆነ ግን ምንም አንነካም።