ፖታሲየም ሲያንስ ኩላሊት ለምን አሲድ ያስወጣል?

ጥያቄ፦ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሚያሸና መድኃኒት እወስዳለሁ። በቅርቡ ደሜን ስመረመር ፖታሲየሜ 2.9፣ በደም ውስጥ አሲድን የሚያመክነው ባይካርቦኔቴ ደግሞ 33 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ ፖታሲየሙ በማነሱ ኩላሊቴ ባይካርቦኔትን አልለቅ እንዳለ ነገሩኝ። እኔ ፖታሲየምን የማውቀው ከጡንቻና ከልብ ምት ጋር በተያያዘ ብቻ ነው። ከአሲድ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ የአዋቂ ሰው ፖታሲየም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ደም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል፣ ባይካርቦኔት ደግሞ ከ22 እስከ 28 ገደማ ስለሆነ፣ የሐኪምዎ አባባል ከውጤትዎ ጋር ይስማማል።

የነገሩ ሥር የኩላሊትን ቱቦዎች በሸፈኑት ህዋሶች ውስጥ ይገኛል። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲቀንስ የህዋሱ ውስጠኛ ክፍል በኤሌክትሪክ ረገድ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፤ በዚህም የተነሣ አንድ ሶዲየምን ከሦስት ባይካርቦኔት ጋር አጣምሮ ወደ ደም የሚያሻግረው ፕሮቲን ሥራው ይፋጠናል። ባይካርቦኔቱ የወጣበት ህዋስ ደግሞ ውስጡ አሲዳማ ይሆናል። ስለዚህ ደሙ ወደ አልካሊነት (ወደ አሲድ ተቃራኒ) አዘንብሎ ሳለ፣ ህዋሱ ግን ሰውነት አሲድ የበዛበት ይመስል አሲድ ማስወጣቱን ይቀጥላል፤ እንቆቅልሽ የሚመስለውም ይኸው ነው።

በቱቦው መጀመሪያ ክፍል ሶዲየምን አስገብቶ ሃይድሮጅንን (ማለትም አሲዱን) ወደ ሽንት የሚያስወጣው ለዋጭ ፕሮቲን ይበረታል፤ ከደም ከተጣራው ባይካርቦኔት 80 በመቶ ያህሉ የሚመለሰው በዚሁ ክፍል ስለሆነ ውጤቱ ቀላል አይደለም። ህዋሶቹ ከግሉታሚን (ከፕሮቲን መሥሪያዎች አንዱ) የሚሠሩት አሞኒያም ይጨምራል፤ ሃይድሮጅን ይዞ በአሞኒየም መልክ በሽንት ሲወገድ አዲስ ባይካርቦኔት ወደ ደም ይገባል። ከአሞኒያው ከፊሉ ወደ ደም ስለሚመለስ ጉበታቸው በጽኑ የታመመ ሰዎች ፖታሲየማቸው ሲያንስ አእምሯቸው ሊደነጋገር ይችላል። በመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ደግሞ ፖታሲየምን አስገብቶ በምትኩ ሃይድሮጅንን የሚያስወጣ ፓምፕ ስላለ፣ ፖታሲየምን ለማዳን የሚደረገው ጥረት ራሱ አሲድ ያስወጣል።

ፖታሲየም ባነሰ ቁጥር ግን ደም ሁልጊዜ አልካሊ አይሆንም፤ ለምሳሌ ብርቱ ተቅማጥ ባይካርቦኔትንም አብሮ ስለሚያወጣ ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል። በእርስዎ ሁኔታ መድኃኒቱ ክሎራይድንም በሽንት ስለሚያስወጣ፣ ከፖታሲየም ሲትሬት ይልቅ ፖታሲየም ክሎራይድ ይመረጣል፤ ሲትሬት በሰውነት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣልና። መጠኑን ሐኪምዎ ይወስኑ፤ ማግኒዢየምዎንም እንዲመረምሩ ይጠይቋቸው፤ እርሱ አንሶ ከሆነ የሚወስዱት ፖታሲየም በሽንት መውጣቱን አያቆምም።