የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዴይሊሊ ለማዳቀል ልኩ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤቴ ጀርባ አራት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች መደብ አለችኝ፤ ቀሪው ግቢ የልጆች መጫወቻ ነው። ባለፈው ሐምሌ ዴይሊሊ የሚባለውን የአበባ ተክል ማዳቀል ጀምሬ ዓይኔን የሳበውን አበባ ሁሉ ከሌላው ጋር ሳዳቅል ከረምኩ። አሁን ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከ300 በላይ ዘሮች ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ከረጢቶች ላይ የወላጆቻቸው ስም አልተጻፈም። ሁሉንም ልዝራ ወይስ ልቀንስ? ወደፊትስ በዓመት ስንት ጥንድ ባዳቅል ይበቃኛል?

መልስ፦ ልኩን ሲወስኑ ከዘሩ ብዛት ሳይሆን ከመደብዎ ስፋት ይነሡ። በዚህ ተክል ዘር ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። አበባው የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም፣ አንዱ ዘንግ በየተራ የሚፈኩ ብዙ እምቡጦች ስላሉት፣ ማለዳ ላይ የአንዱን የአበባ ብናኝ በሌላው ሴቴ ጫፍ ላይ መቀባት ጊዜ አይወስድም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ከዘር የበቀለ ችግኝ በእርስዎ አካባቢ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ አበባውን የሚያሳየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ቦታ ይዞ፣ ውሃና ኩትኳቶ እየፈለገ ይቆያል።

ስሌቱን በእርስዎ መደብ እንሥራው። ችግኞቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከሉ 4 ካሬ ሜትር 100 ያህል ይይዛል። እያንዳንዱ ችግኝ ሦስት ዓመት እንዲታይ ከተፈለገ፣ በየዓመቱ የሚገቡት አዲሶች ከ33 ሊበልጡ አይችሉም፤ ለወላጆቹና ለተመረጡት ማቆያ ሲተው ደግሞ ቁጥሩ ወደ 25 ይወርዳል። እነዚህን 25 ቦታዎች ለ25 ልዩ ልዩ ጥንዶች ማከፋፈል ትርፍ የለውም። ዛሬ በየግቢው ያሉት ዴይሊሊዎች ራሳቸው የብዙ ትውልድ ድቅል በመሆናቸው፣ ከአንድ ከረጢት የወጡ ወንድማማች ዘሮች እንኳ በመልክም በጥንካሬም ይለያያሉ፤ የአንድ ጥንድ ጥቅም የሚታወቀው ከአሥር የማያንሱ ልጆቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጥንድ ይበቃዎታል፤ በእኔ እምነት ሦስተኛው እንኳ ይበዛል።

ጥንዶቹን ከመምረጥዎ በፊት የሚፈልጉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። «ቆንጆ አበባ» የሚለው ግብ አይሆንም፤ «ዘንጉ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላም በደንብ የሚፈካ ወይን ጠጅ አበባ» የሚለው ግን የትኛው ችግኝ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚነቀል አስቀድሞ ይነግርዎታል። ሌላው ገደብ ከተክሉ ተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ ዲፕሎይድ የሚባሉት ዴይሊሊዎች 22፣ ቴትራፕሎይድ የሚባሉት ደግሞ 44 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ያሉ የዘር ውርስ ተሸካሚዎች) ስላላቸው፣ አንዱን ከሌላው ማዳቀል ብዙ ጊዜ ያለ ዘር ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን ወገን ይዘው ቢሠሩ ድካምዎ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው መንቀሉ ነው። በኒውዮርክ የዕፀዋት መናፈሻ ለብዙ ዓመታት ዴይሊሊን ያዳቀለው አርሎው በርዴት ስታውት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞችን አሳድጎ፣ ስም ሰጥቶ ያወጣቸው እጅግ ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ሰፊ ቦታ የነበረው እሱ ይህን ካደረገ፣ ከ25 ችግኞች አንድ ወይም ሁለት ማስቀረት ጭካኔ አይደለም። ፍርዱ ግን በመጀመሪያው አበባ አይፈጸም፤ ወጣት ተክል የቅርንጫፉንና የእምቡጡን ብዛት ገና አያሳይም። አበባው በግልጽ የተበላሸውን ወይም ዘንጉ የሚወድቀውን በዚያው ዓመት ይንቀሉ፣ ሌላውን ግን አንድ ዓመት ጨምረው ከወላጆቹ ጎን ያወዳድሩ፤ ከወላጆቹ የማይሻል ከሆነ አያቆዩት። የተነቀለውን ከአጥር ውጪ አይጣሉ፤ በሜሪላንድ መንገዶች ዳር የሚታየው ብርቱካናማው ዴይሊሊ ከአትክልት ቦታ አምልጦ የተስፋፋ ነው። ድመት ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ቅጠሉም አበባውም ብናኙም የድመትን ኩላሊት አበላሽቶ ሊገድላት ይችላል።

ለአዲስ ተክልዎ ስም ማስመዝገብን አያስቸኩሉት። በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካ የዴይሊሊ ማኅበር መዝገብ ከ90 ሺህ በላይ ስሞችን ይዟል፤ ስለዚህ ከነዚያ በምን እንደሚለይ በግልጽ መናገር የሚችሉለት ተክል እስኪያገኙ ድረስ ለራስዎ በቁጥር ይጥሩት።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ስላሉት ዘሮች፣ የወላጆቻቸው ስም የሌላቸውን በመጀመሪያ ያውጡ፤ ጥሩ አበባ ቢሰጡ እንኳ ማዳቀሉን መድገም አይችሉም። ስም ካላቸው ውስጥ ለጻፉት ግብ የሚቀርቡትን ሁለት ጥንዶች ብቻ መርጠው፣ ከእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ያህል ዘር በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ካቆዩ በኋላ ይዝሩ። የቀሩት ደርቀው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጡ በሚቀጥለው ዓመትም ሊበቅሉ ስለሚችሉ፣ የወላጆቻቸውን ስም ሴቴዋን አስቀድመው ጽፈው ያቆዩዋቸው፤ ወይም ሰፊ መሬት ላለው አዳቃይ ይስጧቸው።