ከባሕር ዳር ጎንደር፦ 102 ወይስ 180 ኪሎ ሜትር?

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ጎንደር ልገባ አስቤአለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ባሕር ዳር የምጠይቃቸው ዘመዶች አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ከኤርፖርት ኤርፖርት 102 ኪሎ ሜትር ይላል። ወንድሜ ደግሞ «180 ነው፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል» አለኝ። ትኬት ስፈልግ ከአምስት ሰዓት በላይ አየሁ። የቱን ልመን? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

102 የአየር መስመር ነው። የባሕር ዳሩ ኤርፖርት 11.61 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.32 ምሥራቅ ላይ ነው፤ የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ 12.52 እና 37.43። አንድ ዲግሪ በዚያ አካባቢ ወደ ሰሜን 111፣ ወደ ምሥራቅ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሰሜኑ ልዩነት 0.91 በ111 ሲባዛ 101 ኪሎ ሜትር፤ የምሥራቁ 0.11 በ109 ሲባዛ 12። የሁለቱን ስኩዌር ደምረው ሥሩን ሲያወጡ 102 ገደማ ያገኛሉ። ይህ መስመር ጣና ላይ ነው የሚያልፈው። አስፋልቱ ግን ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት አድርጎ የጎንደር መግቢያ ወደሆነው አዘዞ ይገባል፤ 180ው ከዚህ መጣ።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 102ቱን በ10 ደቂቃ ይጨርሳል ብለው አያስሉ። እንዲህ ባለ አጭር በረራ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከቆመበት ተነሥቶ ተመልሶ እስኪቆም ያለው ነው፤ መሬት ላይ የሚንከባለልበትም ይቆጠራል። ስለዚህ ቀጥታ በረራ ቢገኝ እንኳ ግማሽ ሰዓት ይያዙለት።

አምስት ሰዓቱ በቦሌ የሚዞረው ትኬት ነው። ባሕር ዳር–ቦሌ 333፣ ቦሌ–ጎንደር 419፣ በድምሩ 752 ኪሎ ሜትር ለ102! እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀረው ቦሌ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ፍተሻውንና ከኤርፖርቱ ጎንደር ከተማ ያለውን መንገድ ሲጨምሩ ቀኑ አለቀ።

እኛ የምንመክረው ቦሌ–ባሕር ዳር መሄጃ፣ ጎንደር–ቦሌ መመለሻ ገዝተው መሐሉን በመኪና መሄድ ነው። ቁርጡ ግን በዚያው ጠዋት የሚታወቅ ነው፦ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮችና ከዘመድ ሳይጠይቁ አይነሡ። ካልሆነ የቦሌው ዙር ይሻላል፤ ስለዚህ የመሐሉን ቀን አያጣቡት። ከተራ ጥር 10 ስለሆነ ጥር 8 ጎንደር ቢገቡ መልካም ነው፤ በዚያ ሰሞን በረራውም ሆቴሉም ቀድሞ ይሞላል።

ሌላው ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 7:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ሾፌሩን «በ7 ሰዓት ና» ካሉት እሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ይሆነዋል።